የኸሊፋ ስምንት ቆርቆሮ

ቆርቆሮው የኸሊፋ ነበር። ይኼን ከሁሉ አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ምክንያቱም በኋላ ያ ሁሉ ወሬ ሲወራ፣ ያ ሁሉ ሐሜት ሲናፈስ፣ ስለ ቆርቆሮው ትንፍሽ ያለ አልነበረም። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው ኸሊፋ ራሱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መናገር የነበረበትና ያልተናገረው ይርዳው ነው።

ይርዳው ከሸሕዲ ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ጣቢያ ቴክኒሻን ነበር። ከጎንደር ወደ ቆላ ሲወርድ “ለስድስት ወር ነው” ብለው ሸኙት፤ በ2008 ዓ.ም. ስድስተኛ ዓመቱን ያዘ። ሚስቱ አየሁሽ ጎንደር አስተማሪ ናት። በየሁለት ወሩ በአውቶቡስ እየወጣ ያያታል፤ የዝውውር ማመልከቻውም በየዓመቱ እየታደሰ መልስ ሳያገኝ ይከርማል። ያም ሆኖ ሥራውን ይወዳል። ጎበዝም ነበር። ጉዱን ያፈላውም ጎበዝ መሆኑን ማወቁ ነው።

በዚያ ዓመት አዲሱ ዲጂታል ስርጭት መጣ። አሮጌው ቴሌቪዥን ሲደክም ምስሉን ጉንዳን የወረረው ይመስል ነበር፤ ቢሆንም የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ ትለያለህ፣ ኳሷም ወዴት እንደሄደች ትገምታለህ። አዲሱ እንዲህ አይደለም። ወይ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ወይ ተቆራርጦ ይጠፋል። ግማሽ የሚባል ነገር አያውቅም።

ሌላም ለውጥ ነበረ። ድሮ የሸሕዲውና የመተማ ዮሐንሱ ማሰራጫ ለየራሳቸው ሞገድ ነበራቸውና አንዱ ከሌላው ጋር ጉዳይ አልነበረውም። አዲሱ አሠራር ሁለቱንም በአንድ ሞገድ ላይ አዋላቸው። አንድ ሞገድ ከሆነ ደግሞ አንዱን ነገር በአንድ ቅጽበት እኩል መናገር አለባቸው። የሰሊጥ አጫጆች በመደዳ ሆነው ሲያዜሙ እንዳለው ነው፤ ከዳር ያለው ጥቂት ቢዘገይ ዜማው ይደምቃል፣ አብዝቶ ከዘገየ ግን ጫጫታ ይሆናል። ማሽኖቹ እኩል የሚሄዱት ሰማይ ላይ ካሉት ሳተላይቶች ሰዓት እየተቀበሉ ነው። ሰዓቱን የምትቀበለው በመሣሪያው ቤት ጣሪያ ላይ የተተከለች፣ የተደፋ ስኒ የምታህል ነጭ ነገር ናት። ስሟ ጂፒኤስ ነው።

በሁለቱ ማሰራጫዎች መካከል ጥቁር ውሃ የምትባል መንደር አለች። የሸሕዲው ሞገድም የመተማ ዮሐንሱም እኩል ይደርስባታል። ኸሊፋ እዚያ ነበር የሚኖረው። ትራክተር ይፈታል፣ ጄኔሬተር ያስነሳል፣ ሬድዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ ጆሮውን ከሞተር ላይ አስጠግቶ በሽታውን ሲናገር ግን ከአብደራፊ ድረስ ባለ እርሻዎች መኪና ይልኩለት ነበር። ከይርዳው ጋር የተዋወቁት በአንድ የተቃጠለ ጄኔሬተር ምክንያት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሃያ ዓመት የሚበልጠው ኸሊፋ ሸሕዲ ሲመጣ ኮረብታውን ሳይወጣ አይመለስም ነበር። ይርዳው በቆላ ምድር ከእሱ በቀር ወዳጅ የሚለው አልነበረውም።

አዲሱ ስርጭት ሲመጣ ለመንደሩ ያበሰረው ኸሊፋ ነው። “ይርዳው ነግሮኛል፣ ፊት ለፊታችሁ እንደተቀመጠ ሰው ነው የምታዩት” አለ። ሠላሳ ሁለት ቤት በኸሊፋ ቃል ሪሲቨር አስመጣ። እሱም ቤት ለቤት እየዞረ አንቴናውን ሰቀለ።

ሚያዝያ ላይ የመሣሪያው ቤት ማቀዝቀዣ ተበላሸ። በሚያዝያ እዚያ ኮረብታ ላይ ብረት በባዶ እጅ አይነካም። ይርዳው ለመሥሪያ ቤቱ ሦስት ደብዳቤ ጻፈ፤ መሥሪያ ቤቱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ኸሊፋ መጥቶ የመሣሪያውን ቤት ግድግዳ በመዳፉ ነካ አድርጎ እጁን መለሰ።

“ምን በድላ ነው እንዲህ የምትቀቀል?” አለ። “ራኩባ እንሥራላት።”

ራኩባ በዚያ አገር ለጥላ የሚሠራ ዳስ ነው፤ ቃሉም ከሱዳን ነው የተሻገረው። ቆላ ላይ ለእንግዳም፣ ለከብትም፣ ለትራክተርም መጀመሪያ የሚደረገው ደግነት ጥላ ነው። ኸሊፋ በነጋታው ለሚስቱ ለመስቱራ ማድ ቤት ያስቀመጠውን ስምንት ቆርቆሮ በኤኔትሬ የጭነት መኪና ጭኖ መጣ። ንብረቱን ሁሉ በአረንጓዴ ቀለም ምልክት ማድረግ ልማዱ ነበርና የቆርቆሮዎቹም ጠርዝ አረንጓዴ ነበር። ይርዳው ገንዘብ ሊሰጠው ቢያወጣ ተቆጣው።

ሁለቱ ሆነው ቀኑን ሙሉ ሠሩ። ከመሣሪያው ቤት ጣሪያ አንድ ክንድ ከፍ አድርገው ቆርቆሮውን አለበሱት። ኸሊፋ መዶሻ ይዞ ጣሪያው ላይ ሳለ ነጯን ስኒ አያት።

“ይቺ ምንድን ናት?”

“ከሰማይ ሰዓት የምትቀበል ናት።”

“ታዲያ ሰማይ ማየት የለባትም?”

ይርዳው ሳቀ። “ጋሽ ኸሊፋ፣ ይኼ እኮ እንደ ሰው ዓይን አይደለም። ጎኑ ሁሉ ክፍት ነው፤ ይበቃታል። እሷም ትንሽ ይብረድላት።”

“አንተ ነህ የምታውቀው” አለና ኸሊፋ ምስማሩን መታ።

ቆርቆሮ ሰማይ እንደሚጋርድ ይርዳው ሳይማር ቀርቶ አይደለም። ተምሯል። ግን ደክሞት ነበር፣ ሙቀቱ አናቱን ገምሶት ነበር፣ ጥላው ደግሞ ደስ አሰኝቶት ነበር። በዚያ ሳምንት ማሰራጫው ሁለት ጊዜ በራሱ ጠፋ። ማሽኑ የተሠራው ሰዓቱ ሲጠፋበት ዝም እንዲል ነው፤ ያለ ሰዓት ከሚናገር ዝም ቢል ይሻላልና። ሸሕዲ ያሉ ሹማምንት “ቴሌቪዥን ጠፋ” እያሉ ስልክ አጣደፉበት። ይርዳውም ለምን እንደጠፋ መመርመሩን ትቶ፣ ሰዓት ቢጠፋም እንዳይዘጋ አድርጎ ማሽኑን አስተካከለው። ከዚያ በኋላ አልጠፋም። አንዲት ቢጫ መብራት ብቻ አንዳንዴ ቦግ ትላለች፤ ይርዳውም ለመዳት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነበር።

እዚህ ላይ የማሽኑን ተንኮል ማወቅ ያስፈልጋል። የሸሕዲው ሰዓት እየተንሸራተተ ከመተማ ዮሐንሱ ሲለያይ ሸሕዲ ላለ ሰው ምንም አይታወቀውም፤ የቅርቡ ሞገድ ስለሚበረታ ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል። መተማ ዮሐንስም ላይ እንዲሁ። የሚጎዳው መሐል ያለው ነው። ይርዳውም ጣቢያው ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን በየቀኑ ንጹሕ ምስል እያየ፣ ሥራው የሰመረ መስሎት ከረመ።

ጥቁር ውሃ ላይ ግን ምስሉ ይቆራረጥ ጀመር። መጀመሪያ ፊቶች እንደ ሸክላ ስብርባሪ ይሆናሉ፤ ቀጥሎ ድምፁ ይንቋቋል፤ ከዚያ ጥቁር ይሆናል። አንድ ቀን ይሠራል፣ ሁለት ቀን ይጠፋል። ሰዎች አንቴናቸውን አዞሩ፣ አስረዘሙ፣ ዛፍ ላይ ሰቀሉ፤ አልሆነም። ኸሊፋን ጠሩት። ኸሊፋ አንድ ወር ሙሉ ሲፈትሽ ሰነበተና በመጨረሻ የገዛ ቤቱ ላይ አንድ ነገር ሞከረ። ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ከአንቴናው በስተጀርባ፣ በሸሕዲ በኩል ገተረ። ምስሉ ቁጭ አለ።

ኸሊፋ በዚያው ቀን ኮረብታውን ወጣ።

“ይርዳው፣ ሁለት ሰው ነው እኛ ላይ የሚናገረው” አለ። “ሁለቱ ተቀዳድመዋል። ያንተውን በበርሜል ስጋርደው የመተማው ብቻውን ቀረና ተስተካከለ። እስኪ ያንተን ተመልከተው።”

ያልተማረ ሰው፣ በተሰነጠቀ በርሜል፣ ሙያዬ ብለው የተማሩት የሚያወጡትን አወጣ። ይርዳው መነሳት ነበረበት። ሦስት እርምጃ ሄዶ ቢጫዋን መብራት ቢያይ ነገሩ እዚያው ባለቀ። እሱ ግን ከወንበሩ ሳይነሳ በአገጩ ቴሌቪዥኑን አሳየው።

“ይኸው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ጋሽ ኸሊፋ። ሪሲቨሮቹ ርካሽ ናቸው፤ ከእነሱ ነው።”

ኸሊፋ ምስሉን አየ፤ በእርግጥም ንጹሕ ነበር። ኮረብታውን ወረደ።

ለጎረቤቶቹ በርሜል እንዲያቆሙ መከራቸው። ግን በርሜል ውሃ የሚጠራቀምበት ነው፤ ማን ሰንጥቆ አንቴና ጀርባ ያቆማል? አንዳንዶቹ በስስ ላሜራ ሞክረው አልሆነላቸውም። ጥቅምት ገባ፤ ሳሉጎች የሚባሉት የቀን ሠራተኞች ከጎጃምና ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ ወረዱ፤ ሻይ ቤቶቹ በሰው ተሞሉ። ቴሌቪዥኖቹ ሁሉ ጥቁር ናቸው፤ የኸሊፋ ብቻ ይሠራል። አጫጆቹ ሻይ ቤቱን ትተው ኸሊፋ ግቢ አጥር ላይ ቆመው ኳስ ያያሉ። ባለ ሻይ ቤቶቹ መጀመሪያ ቀልደው አለፉት። ቀጥሎ ጠየቁ። ከዚያ አንዱ ተነስቶ “በርሜሉ ነው የሁላችንን ምስል ወደሱ የሚስበው” አለ። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከተባለ መመለሻ የለውም። የአርባ ዓመት ጎረቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ “መጀመሪያውኑ ይኼ ሰውዬ” መባል ጀመረ።

ኸሊፋ ለሁለተኛ ጊዜ ኮረብታውን ወጣ። በዚህኛው ጊዜ ስለ ሞገድ አላወራም።

“ና እና አንድ ቃል ተናገርልኝ” አለው። “ሌላ አልፈልግም። ኸሊፋ አላታለላችሁም በላቸው። አንተ የመንግሥት ሰው ነህ፣ ባለ መሣሪያ ነህ፤ ያንተን ይሰማሉ።”

ይርዳው ኅዳር ላይ መለኪያውን ይዞ ጥቁር ውሃ ሄደ። ሽማግሌዎቹ በቀበሌው ራኩባ ሥር ተሰብስበው ጠበቁት፤ ሰብሳቢያቸው አቶ ታደገ ይባላሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ኸሊፋ ከዳር ቆሟል። ይርዳው አንቴናውን ዘርግቶ መለኪያውን ከፈተ። መለኪያው ሁለት ቁጥር አሳየ። አንደኛው የሞገዱ ጉልበት ነው፤ ዘጠና አራት። ሁለተኛው የሞገዱ ጥራት ነው፤ አሥራ ሁለት።

ዘጠና አራት ጉልበትና አሥራ ሁለት ጥራት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይርዳው ያውቃል። የሚመጣው ብዙ ነው፣ የመጣው ግን ተምታቷል ማለት ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑን እሱ ላይ ተክሏል። ከሁለት ሳምንት በፊት ለዋናው መሥሪያ ቤት “በጣቢያው በኩል ምንም ችግር የለም” ብሎ ፈርሞ የላከው ሪፖርት ትዝ አለው፤ ዝውውሩም በዚያው ወር ይታያል ተብሏል። ሄጄ ካጣራሁ በኋላ እናገራለሁ ሲል አሰበ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ማለት ነበረበት።

“ሞገዱ ዘጠና አራት በመቶ ነው” አለ። “ሙሉ ነው። ከጣቢያው በኩል የጎደለ የለም።”

“እንግዲያ ጉድለቱ ከወዴት ነው?” አሉ አቶ ታደገ።

“ከመቀበያው በኩል ይሆናል።”

ሪሲቨሮቹን ያስመጣውና አንቴናውን የሰቀለው ኸሊፋ ነው። ይኼን እዚያ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ኸሊፋ ይርዳውን አየው። ከዚያ ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ ይርዳውም ያን ቀን ከአህያ ባል አልተሻለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነበር። በነጋታው አንድ ትራክተር በርሜሉን ደፍጥጦት ሄደ፤ ማን እንደነዳው ያየ የለም። መስቱራ ውሃ ለመቅዳት ስትሰለፍ ሴቶቹ ዝም ይላሉ። ለኸሊፋ የሚመጣ ሞተር ጠፋ። ታኅሣሥ ላይ፣ ሰኞ ቀን፣ ዕቃውን በኤኔትሬ ጭኖ ድንበሩን አልፎ ወደ ሱዳኗ ገላባት ተሻገረ፤ የመስቱራ ወንድም ሐሚድ እዚያ ጋራዥ ነበረው። መኪናው ከጥቁር ውሃ ሲወጣ ደህና ሁን ያለው ሰው እንዳልነበረ ይርዳው በኋላ ሰማ።

ሐሙስ ዕለት ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት ሮዳስ የምትባል ኢንጂነር ደወለች። ማሰራጫዎቹን ከሩቅ የምትከታተለው እሷ ናት።

“ይርዳው፣ የመተማው ሰዓትና ያንተ አልተገናኙልኝም። ጂፒኤስህ ስንት ሳተላይት ነው የሚያየው?”

“ደህና ነው።”

“ቁጥሩን አንብብልኝ።”

ይርዳው ሄዶ አነበበ። ዜሮ ይላል። ስልኩን እንደያዘ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ ጣሪያው ላይ ያለውንም አሰበ። “እሷም ትንሽ ይብረድላት” ያለው ቃል ተመልሶ መጣበት፤ አፈረ፤ ብቻውን ሆኖ ፊቱ ተቃጠለ።

“ልፈትሽና ልደውልልሽ” አላት።

መሰላል አቁሞ ስምንቱንም ቆርቆሮ ብቻውን ነቀለ። ሲወርድ ቁጥሩ አራት ብሏል፤ ቆይቶ ሰባት፤ ከዚያ ዘጠኝ። ቢጫዋ መብራት ጠፋች። ለሮዳስ “ገመድ ላልቶ ነበር፣ አጠበቅሁት” አላት። እሷም አመስግና ዘጋች።

ከቀትር በኋላ አቶ ታደገ ደወሉ።

“አቶ ይርዳው፣ ዛሬ በየቤቱ ቁልጭ አለልን” አሉ። “ያ ሰው ሰኞ ሄደ፣ ይኸው ሐሙስ ምስላችን መጣ። እናንተም በመሣሪያ ነግራችሁን ነበር። እግዜር ይስጥልን።”

ይርዳው ስልኩን እንደያዘ ቆመ። ሽማግሌው ይተነፍሳሉ፤ ከጀርባቸው የቴሌቪዥን ድምፅና የሰው ሳቅ ይሰማል። “እኔ ነኝ” ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበትና፣ “እግዚአብሔር ይመስገን” አለ።

ወዲያው በተናገረ ኖሮ። በሳምንቱ እንኳ ቢሆን ኖሮ። በሳምንቱ ሚስቱ መጣችና አላወራም፤ በወሩ ሪፖርቱ ተመሰገነና አላወራም፤ በዓመቱ ደግሞ ነገሩ ወሬ መሆኑ ቀርቶ ተረት ሆነ። በሸሕዲ መናኸሪያ ሚኒባስ አልነሳ ሲል ረዳቱ “ኸሊፋ ተሳፍሯል እንዴ?” ይላል፤ ሰው ይስቃል። መብራት ሲጠፋ “የኸሊፋ በርሜል” ይባላል። የሚስቁት አብዛኞቹ ሰውየውን አይተውት አያውቁም። ይርዳው ይኼን በሰማ ቁጥር ሻዩን ሳይጨርስ ይነሳ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እውነት ለመጥራት ግን የሚናገራት ያስፈልጋታል፤ ሊመሰክርላት የሚችለው እሱ ብቻ ከሆነና እሱ ዝም ካለ፣ ሺህ ሌሊት ቢነጋም አትጠራም።

ወደ ገላባት ለመሄድ ስንቴ ተነስቶ ስንቴ እንደተመለሰ ቁጥር የለውም። መተማ ዮሐንስ ለሥራ ይወርዳል፤ ድንበሩ ላይ እስካለው ድልድይ ድረስ ይሄዳል፤ የሱዳን መኪኖች በኬላው ሲያልፉ ቆሞ ያያል። ከዚያ ባጃጅ ይዞ ይመለሳል።

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዝውውሩ መጣ። ዕቃ ለተተኪው ሲያስረክብ መለኪያውን ፈርሞ ሰጠ፣ ቁልፉን ሰጠ፤ ከመሣሪያው ቤት ኋላ የተደረደሩት ስምንት ቆርቆሮዎች ግን በመዝገብ የሉም። ተተኪው “ይኼ የማን ነው?” ሲል ጠየቀው። ሣር በቅሎባቸዋል፣ ጠርዛቸው ላይ ያለው አረንጓዴ ቀለም ግን አልለቀቀም።

“የሰው ነው” አለ ይርዳው። “እመልሰዋለሁ።”

በሚኒባስ አናት ላይ አስጭኖ መተማ ዮሐንስ ወረደ፤ ከዚያ በአህያ ጋሪ ድልድዩን ተሻገረ። የሐሚድን ጋራዥ ሕፃን ልጅ እንኳ ያሳያል። ኸሊፋ በራኩባ ሥር አንድ የውሃ ፓምፕ ፈታትቶ ተቀምጧል። ጢሙ ነጭቷል፣ መነጽር አድርጓል። መጀመሪያ ያየው ይርዳውን ሳይሆን ጋሪው ላይ ያለውን ቆርቆሮ ነው።

“ከሦስት ዓመት በኋላ” አለ።

ይርዳው የሚለውን ሁሉ በመንገድ ሲያዘጋጅ ነበር የመጣው፤ ሁሉም ጠፋበት። “ጋሽ ኸሊፋ፣ ጥፋቱ የኔ ነበር። ሰዓቷ ሰማይ አላየችም። እርስዎ ጠይቀውኝ ነበር፤ እኔ ሳቅሁ። መንደሩም ላይ ሁለት ቁጥር አይቼ አንዱን ብቻ ነው የተናገርሁት።” እንባው መጣ፤ አልደበቀውም።

ኸሊፋ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

“አውቃለሁ” አለ። “በሄድሁ በሁለተኛው ሳምንት የቀረ ዕቃ ልወስድ በዚያ በኩል አለፍሁ። ከመንገዱ ኮረብታህን አየሁት። ቆርቆሮው በፀሐይ ያብለጨልጭ ነበር፤ ያን ቀን የለም። ጥቁር ውሃ ስደርስ ቴሌቪዥኑ በየቤቱ ይሠራል። ኸላስ፣ ገባኝ።”

“ካወቁ ለምን አልተናገሩም?”

“እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል? በመሣሪያ የሚሰማው አንተን ነው።” ኸሊፋ ድምፁን አላነሳም። “ዛሬ ይነግራቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ነገ ይነግራቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ከድልድዩ እዚህ በእግር ሩብ ሰዓት ነው፣ ይርዳው።”

መስቱራ ውሃ አመጣችለት። ጠጣ። ኸሊፋ ተነስቶ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ከጋሪው እያወረደ ግድግዳው ላይ አስደገፈ፤ የምስማሩን ቀዳዳ በጣቱ እየነካ። “ቢያፈስም ለማድ ቤቱ ይበቃል” አለ ለሚስቱ። ከዚያ ወደ ይርዳው ዞረ።

“ይኸንን እኔ አውቀዋለሁ፤ ለሚያውቅ ሰው ነው ይዘኸው የመጣኸው። የማያውቁት ወዲያ ማዶ ናቸው። ለእነሱ ንገር። እኔ እዚያ መመለስ አልፈልግም፤ ስሜ ግን እዚያ ቀርቷል።”

ይርዳው በዚያው ቀን ተሻግሮ ጥቁር ውሃ ሄደ። አቶ ታደገ ሻይ ቤት ውስጥ ከሌሎች ሰባት ስምንት ሰዎች ጋር ተቀምጠው ዜና ያያሉ። ምስሉ ቁልጭ ያለ ነው። ተነስተው ተቀበሉት፤ ወደ ጎንደር መዛወሩን ሰምተው ኖሮ “እንኳን ደስ ያለህ” አሉት፣ ወንበር ለቀቁለት። ይርዳው ሳይቀመጥ ነገራቸው። ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ነጯ ስኒ፣ ስለ ቢጫዋ መብራት፣ ስለ ሁለቱ ቁጥር አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ባለ ሻይ ቤቱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ።

ከዚያ አቶ ታደገ ፈገግ አሉ። ክፋት የሌለበት ፈገግታ ነበር።

“አንተ ደግ ሰው ነህ” አሉ። “ወዳጅህ ነበር፤ ስሙን ልታነጻለት ፈለግህ። እግዜር ይባርክህ። እኛም ዛሬ ቂም የለንም።”

“ስለ ደግነት አይደለም፣ አባቴ። እውነቱ ነው።”

“እንዴት ይሆናል? ሰኞ ሄደ፣ ሐሙስ መጣ። በዓይናችን አየነው።”

“ሐሙስ ቀን ቆርቆሮውን የነቀልሁ እኔ ነኝ።”

“አየህ” አሉ አቶ ታደገ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። “ያን ጊዜ አንተ ራስህ በዚያ ራኩባ ሥር በመሣሪያ ለክተህ ነገርኸን። እኛ ያልተማርን ነን፤ መሣሪያው ያለውን አመንን። ዛሬስ ምን ይዘህ መጣህ?”

ሰዎቹም እጁን አዩ፣ እሱም አየ። መለኪያውን ለተተኪው አስረክቧል። በመዳፉ ላይ የነበረው የቆርቆሮው ዝገት ብቻ ነው። ባለ ሻይ ቤቱ ጥቂት ጠበቀና የቴሌቪዥኑን ድምፅ መልሶ ከፍ አደረገው።